የውድድር መኪናችሁ ሚስ ሲያደርግ፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ሞተር ሚስ ማድረግ ሲጀምር፣ ማለትም አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል እየዘለለ ሲንቀጠቀጥ፣ አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው። አዲስ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) ይገዛል፣ ቦቢና (ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው) ይቀየራል፣ ካርቡራቶሩ ይፈታል፣ በመጨረሻ ሞተሩ አሁንም ከአራቱ ሲሊንደር በሦስቱ ብቻ ነው የሚሰራው። እዚህ ጎንደር አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ለአማተር ውድድር እያዘጋጃችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ። የትኛው ሲሊንደር ነው የማያቃጥለው? መቼስ ነው የሚብሰው፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ ዳገት ላይ፣ ወይስ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ?

የትኛው ሲሊንደር?

ሞተሩን አጥፉ። የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀሉና ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰኩ፤ የካንዴላውን ብረት ከካርቡራቶሩ ራቅ አድርጋችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ አስነኩት፣ ከዚያ አስነሱ። ሞተሩ ከበፊቱ ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነው። ምንም ለውጥ ካላመጣ አገኛችሁት። ገመዱን በባዶ እጅ እንዳትይዙ፣ ከቦቢናው የሚወጣው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ነው። ቪትዝና የመሳሰሉት ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖች ላይ ነገሩ ይቀላል፤ የስህተት ኮድ ማንበቢያው ፒ0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ ፒ0303 ካለ ሦስተኛው።

አሁንም አትግዙ። የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ችግሩ አብሮ ከሄደ ካንዴላው ነው። ካልሄደ ገመዱን አቀያይሩ። ሁለቱም ካልሆኑ የስፒንተሮጀኑን (እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አውርዳችሁ ውስጡን እዩ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ በዚያ እያመለጠ ነው፣ ክዳኑ ይቀየር። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚመጣ ሚስ አብዛኛውን ጊዜ የእርጥበት ነው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ያረጀ ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ ሲያሳይ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አራቱም ካንዴላ ጠቁሮ ከወጣ

ደረቅ ጥላሸት አራቱንም ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ይሄ እኛ አገር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራቶሩ የሚያፈሰው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። መተማ ቆላ ላይ ልክ የነበረ መኪና ጎንደር ሲደርስ ጥቁር ጭስ ቢያበዛና ቢንተፋተፍ አይግረማችሁ፣ ደባርቅ ከወጣማ ይብስበታል። መፍትሄው አነስ ያለ ዋና ጄት (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ነው። አንድ ደረጃ ቀንሱ፣ ንዱት፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ፣ ደግማችሁ ሞክሩ። ቡናማ ቀለም ሲይዝ አቁሙ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው፣ በውድድር ፍጥነት ፒስተን ያቀልጣል። ቆላ ወርዳችሁ የምትወዳደሩ ከሆነም የድሮውን ጄት መመለስ እንዳትረሱ።

በሚኒሞ ደህና፣ ሲረገጥ ሚስ

ጭነት ሲበዛ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ብልጭታው ያን ግፊት ሰንጥቆ ማለፍ ያቅተዋል። ካንዴላችሁ 0.8 ሚሊሜትር ክፍተት ካለው ወደ 0.7 አጥብቡት። ከተሻለው እሳቱ ደካማ ነው፤ ቦቢናውን፣ እንዲሁም ስፒንተሮጀኑ ላይ ያሉትን ፑንቲናና (እሳቱን የሚቆራርጠው) ኮንደንሰር መርምሩ።

የቤንዚን ማነስ ደግሞ ሌላ ስሜት አለው። የእሳት ችግር ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል። ቤንዚን ሲያጥር ግን መኪናው ጥቂት ሴኮንድ በደንብ ይጎትትና ቀስ እያለ ይሞታል። ፊልትሮውንና የቤንዚን ፓምፑን ተመልከቱ። ኩርባ ላይ ብቻ ከሆነ ሰርባቶዮውን (የቤንዚን ታንኩን) ሙሉና ደግማችሁ ሞክሩ፤ ሚሱ ከጠፋ ቤንዚኑ ወደ ጎን እየሸሸ ነው። ይህን ሁሉ ለመሞከር ግን የአዘዞን መንገድ አትምረጡ። ባጃጅ፣ ሕፃናት፣ ከብት ያለበት መንገድ ነው፤ ዝግ ቦታ እስክታገኙ ጠብቁ።

ቦታ የሌለው ሚስ

አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ፣ ጉድጓድ ሲመታ የሚመጣ ሚስ ካለ እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲና ሞተር የሚሄደውን ግንኙነት ነው። የውድድር መኪና ሲሰራ ወንበሩ ይወጣል፣ ባትሪው ወደ ኋላ ይዛወራል፣ ቦዲው ይቀባል፣ የማሳ ገመዱም ቀለም ላይ ይታሰራል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲ ሌላ ወፍራም ገመድ ጨምሩ። የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚቆርጠውን ዋና ማጥፊያም አነቃንቁት፣ በንዝረት ይላላል።

እሳቱም ቤንዚኑም ደህና ከሆነ

ያኔ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለኩ። ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡ፣ እሳቱን ቁረጡ፣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ረግጣችሁ አዙሩ። ቁጥሩ ከመኪናው መጽሐፍ ዝቅ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፣ የከፍታችን ነው። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ደግማችሁ ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) በመካከላቸው ተበልቷል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ይውረድ፣ ግን ቀጥ ማለቱ በማስመሪያ ሳይለካ አዲሱን ጓርኒሲዮን እንዳትገጥሙ።