በቦረና የውሃ መጠቀሚያ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

ያቤሎ አካባቢ ለአንድ የአርብቶ አደሮች ማህበር የጥልቅ ጉድጓድ ፈቃድ ሳስጨርስ ወረቀቱ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ወረቀቱ ላይ የሚሞላ አንድ ቁጥር ነው፦ በቀን ስንት ሊትር ትፈልጋላችሁ? እሱን ተሳስቼ ከብት ገንዳ ላይ ተሰልፎ ሲጠማ አይቻለሁ። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፌ እዚያ ላይ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አጣሩ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ፣ ለባህላዊ መስኖና ለባህላዊ ከብት እርባታ ፈቃድ አይጠይቅም። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች (በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች)፣ ጎረምሶች ተደርድረው እየዘፈኑ ኦኮሌ በሚባል ባልዲ ውሃ የሚቀባበሉባቸው ማለት ነው፣ ከዚህ ውስጥ ናቸው። እነሱ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ኤላው በስሙ የሚጠራ፣ ኮንፊ የሚባል ባለአደራ አለ፤ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ አለ። በማሽን ጉድጓድ ልታስቆፍሩ፣ ከዳዋ ወንዝ በሞተር ልትስቡ ወይም ውሃ ለሌላ ልታከፋፍሉ ከሆነ ግን ፈቃድ የግድ ነው። ዝርዝሩ በደንብ ቁጥር 115/1997 ላይ ስላለ አንድ ቀን ሰጥታችሁ አንብቡት። ቢሮ ስትገቡ ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ማህበራችሁ የተመዘገበ፣ ማህተምና ቃለ ጉባኤ ያለው ይሁን። ፈቃዱን በአንድ ሰው ስም አታውጡ።

ቦታ ስትመርጡ ከባለሙያው በፊት ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ባለሙያው ውሃ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ውሃው እዚያ ቢወጣ ሣሩ ምን እንደሚሆን የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚጋጥ ሜዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ካወጣችሁ ከብቱ ከዚያ አይነሳም፤ ሣሩም አያገግምም። በደርግ ዘመን በማሽን በተቆፈሩት ትልልቅ ኩሬዎች ዙሪያ የታየው ይኸው ነው። ከነባር ኤላም ራቁ። ጥልቅ ጉድጓድ የጎረቤቱን ውሃ ቢያወርድ በኋላ በካሳ የሚጠገን ነገር አይደለም። ለቦታው መጋጠሚያ የስልክ ጂፒኤስ ይበቃል፤ ብቻ ሦስት ጊዜ ለኩና አስተያዩት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እኔ ቆጠራውን የሠራሁት ግንቦት ላይ ነው። በቦረና አነጋገር ገና የሚባለው ዋናው ዝናብ ዘንቦ ኩሬው ሁሉ ሞልቷል። ቤት ለቤት ዞሬ እያንዳንዱን አባወራ ስንት ከብት እንዳለው ጠየቅሁ። የነገሩኝን ደመርኩና ማመልከቻው ላይ ጻፍኩ። ፓምፑም በዚያው ልክ ተገዛ። ፈቃዱ ወጣ፣ ውሃው ወጣ፣ በሬ ታረደ።

የካቲት ሲመጣ ግን የማላውቀው ከብት መጣ። ለካ የነገሩኝ ወራ የሚሉትን፣ ቤት አካባቢ የሚውለውን የሚታለብ ከብት ነበር። ራቅ ብሎ ከወጣቶች ጋር የሚከርመውን ፎራ እኔም አልጠየቅኩ፣ እነሱም አልነገሩኝ። በድርቁ ፎራው ተመለሰ። ከሁለት ቀን መንገድ የመጡ ጎረቤቶችም ተጨመሩ። ቦረና የተጠማ ከብት አይመልስም፤ ነውር ነው። ጉድጓዱ ቀኑን ሙሉ እየሠራ ገንዳው አይሞላም። አንዲት ጎኗ የገባ ጊደር ደረቁን ሲሚንቶ ስትልስ ቆሜ አየሁ። ያን ጊዜ ነው አንድ አባት ትከሻዬን ይዘው "ልጄ፣ ውሃ የሚቆጠረው በቦና ነው" ያሉኝ። ቦና በጋው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ቁጠሩ። ቆጠራውን በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይገባ ሥሩት። ሰው ቤት አትሂዱ፤ ኤላው ጋ ሂዱና አባ ሄሬጋውን ጠይቁ። የማን ከብት በስንተኛው ቀን እንደሚመጣ በቃሉ ያውቃል። ወራውን፣ ፎራውንና እንግዳውን ለየብቻ ጻፉ። ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው። በቦና ከብት በየሦስት ቀኑ ይጠጣል እንበል። 3,000 ከብት ካለ በቀን 1,000 ይመጣል። አንዱ ሲጠጣ 50 ሊትር ብትይዙለት 50,000 ሊትር ነው። በሰከንድ 2 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ ይህን ለማውጣት ሰባት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ግመል አንዴ ሲጠጣ ከ100 ሊትር በላይ ሊወስድ ስለሚችል ለብቻው ይታሰብ። የሰውን ውሃ ደግሞ ከሁሉ በፊት አስቀምጡ። አዋጁም ቅድሚያ የሚሰጠው ለቤት ውስጥ ፍጆታ ነው። እኔ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር እይዛለሁ። ማመልከቻው ላይ የዝናቡንና የቦናውን መጠን ለየብቻ ጻፉ፤ አንድ አማካይ ቁጥር አትስጡ። አማካይ ከብት አያጠጣም።

የፓምፕ ሙከራውንም በዚያው ወቅት አስደርጉ። ተቋራጩ "ስድስት ሰዓት ይበቃል" ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ቢያንስ 24 ሰዓት ይሳብ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በስንት ሰዓት ወደ ቦታው እንደተመለሰ ይመዝገብ። ጉድጓዱ ስንት ሊትር እንደሚችል የሚናገረው እሱ ነው። ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ አይሆንም፤ ውሃ ሲነካ የሚጮኸውን የጥልቀት መለኪያ አስመጡ። ናሙናውን ላቦራቶሪ ላኩ። ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍና ጨውነቱ ስንት እንደሆነ እዩ። የሚቆፍረው ድርጅት ራሱ የሙያ ፈቃድ እንዳለው ሳታዩ ውል አትፈርሙ።

ማመልከቻውን ቁፋሮው ሳይጀመር በወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። ቃለ ጉባኤ፣ የቦታ መጋጠሚያ፣ የጥናት ሪፖርት፣ ጉድጓዱ ሲወጣ ደግሞ የሙከራ ውጤትና የላቦራቶሪ ወረቀት፣ የቦናው ቆጠራ፣ እንዲሁም የአካባቢው ሽማግሌዎች የፈረሙበት ስምምነት አያይዙ። የመጨረሻውን ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ እናንተ ግን አያይዙት። ያስገባችሁበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ቅጂው ላይ አስጽፉ። እኔ አንዴ ሳላስጽፍ ወጥቼ ፋይሉ ጠፍቶ ከሀ ጀምሬያለሁ።

ፈቃዱ ሲመጣ ቆጣሪ ግጠሙ። ገንዘብ ካጠረ ከሌላው ቀንሱ እንጂ እሱን አትተዉ። እኛ ጋ አሁን ንባቡን ጠዋት ጠዋት የምትመዘግበው የአባ ሄሬጋው ልጅ ናት። ደብተሩ ላይ ከሊትሩ ጎን ያን ቀን የማን ከብት እንደጠጣ ትጽፋለች። ፓምፑን ስናስቀይር የመጠን ማሻሻያ የጠየቅነው ያንን ደብተር ይዘን ነው።