ከውጭ ሀገር ሲመለሱ ያመለጠ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ

ለዓመታት ከሀገር ርቆ የቆየ ሰው ሲመለስ፣ ሰርግ ቤትም ሆነ ግብዣ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ እርሱ በሌለበት ሰው የሞተባቸውን ቤቶች እየዞረ ለቅሶ መድረስ ይጠበቅበታል። በጊዜው ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለትና ገንዘብ መላክ ደግ ሥራ ቢሆንም ብድሩን አይመልስም፤ ሐዘንተኛው ሰውየው መጥቶ አብሮት እስኪቀመጥ ድረስ ይጠብቃል፣ ዓመታት ቢያልፉም አይረሳውም።

የመጀመሪያው ሥራ ማን እንደሞተና ቤተሰቡ አሁን የት እንደሚኖር ማወቅ ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ሰፈር አብረው ያደጉ ጎረቤቶች ዛሬ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ተበታትነዋል። እኔ በምኖርበት በየካ አባዶ፣ ሻንጣውን ገና ያልፈታ የሚመስል እንግዳ የብሎክ ቁጥር ጠፍቶት በየደረጃው ሲጠይቅ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ የሳይቱን ስም፣ የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር አስቀድሞ መያዝ ይገባል። ይህን ከሐዘንተኛው ከራሱ መጠየቅ ግን አልመክርም፤ እንግዳ እንደሚመጣ ካወቀ ለመስተንግዶ ይደክማልና። የሚሻለው የድሮውን ሰፈር እናቶች ወይም የእድሩን ጸሐፊ መጠየቅ ነው፤ አባሎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ከተዛወሩ በኋላም ሳይፈርሱ የቀጠሉ እድሮች አሉ፣ ጸሐፊውም ማን እንደቀበሩ ከመዝገቡ ያውቃል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ጥያቄ ፈጽሞ መዘለል የለበትም፦ ከቤተሰቡ መካከል ሞቱ እስካሁን ያልተነገረው ሰው አለ ወይ? ለታመመች አያት ወይም ለደካማ አባት የልጅ ሞት ለረጅም ጊዜ ተደብቆ የሚቆይባቸው ቤቶች አሉ። መርዶ በባህላችን ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች መክረውበት፣ ብዙ ጊዜ በማለዳ፣ ተሰብስበው የሚያረዱት ነገር ስለሆነ፣ ሳይጠይቅ ጥቁር ለብሶ የገባ እንግዳ ሳያስበው መርዶ ነጋሪ ይሆናል።

በቅደም ተከተል ረገድ የሥጋ ዘመድ ይቀድማል፣ ከዚያ ሐዘኑ ትኩስ የሆነበት ቤት ይከተላል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ አርባው፣ ሰማንያው ወይም ሙት ዓመቱ የቀረበ ከሆነ በዚያው ቀን መገኘት ይቻላል፤ ሆኖም በዚያ ቀን ቤቱ በሰው ስለሚሞላ ለብቻ ሌላ ቀን መሄድን እመርጣለሁ። በሙስሊም ጎረቤት ቤት የተዕዚያው ሦስት ቀን ቢያልፍም ከሩቅ የመጣ ሰው ገብቶ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ቢል የሚከፋው የለም። የካ አባዶና ጀሞ በከተማዋ ተቃራኒ ጫፎች ስለሚገኙ፣ ሁለቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለማዳረስ መሞከር አንዱን ቤት አስቸኩሎ መሰናበትን ያስከትላል።

ከውጭ የመጣ ሰው የሚቸገረው ብዙውን ጊዜ ከለመደው የሐዘን ሥርዓት የተነሣ ነው። እኔ በኖርኩባት ስዊድን ቀብሩ ወዲያው አይፈጸምም፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሕጉ የሚጠይቀው በአንድ ወር ውስጥ እንዲፈጸም ነው፣ ሳይጠሩ ሐዘንተኛ ቤት መሄድም እንደ ድፍረት ሊቆጠር ይችላል። በጃፓን ለቀስተኛ ገንዘቡን በተለየ ፖስታ አሽጎ ይሰጣል፤ አዲስ ኖት ሞቱን አስቀድሞ የጠበቀ ስለሚያስመስል ያገለገለ ብር ይመረጣል። አይሁድ ደግሞ ሰባት ቀን ሲቀመጡ፣ ጠያቂው ሐዘንተኛው አፉን እስኪከፍት ዝም ብሎ መጠበቅ ሥርዓታቸው ነው። የስዊድኑን ጥንቃቄ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መተው ይቻላል፤ የአይሁዱን ዝምታ ግን ይዞ መግባት ይጠቅማል።

አለባበስ ጠቆር ያለ፣ ጌጥና ሽቶ የሌለበት ይሁን፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቢለብሱ ያምራል። ይዞ ለመሄድ ቡናና ስኳር ይበቃል፤ አበባ በዚህ ቤት ብዙ ትርጉም የለውም፣ የልብስና የሽቶ ስጦታ ደግሞ ለሌላ ቀን መቆየት አለበት። በር ላይ እየሳቁ መተቃቀፍ አይገባም። እናቲቱ ገና ሲያዩት ለቅሶው እንደ አዲስ ሊነሣ ይችላልና፣ «ተይ እማማ፣ በቃ» ለማለት ሳይቸኩል ያልቅሱ፤ እርሱም እንባው ከመጣ አይከልክለው። ቀጥሎ የሕመሙ ታሪክ ከመጀመሪያው ይተረካል፦ መቼ እንደጀመረው፣ የት እንደተወሰደ፣ የትኛው ጠበል እንደተሞከረ፣ በመጨረሻ ምን እንደተናገረ። ይህ ትረካ ለጎረቤቱ ደጋግሞ የተነገረ ነው፤ ለእንግዳው ግን ሐዘንተኛዋ ለዓመታት ይዘው የቆዩለት ነው፣ ስለዚህ ስልኩን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው መስማት ይገባዋል። በዚህ መካከል «እኛ ያለንበት ሀገር ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር» የምትለው አነጋገር ከሁሉ የከፋች ናት፤ ያስታመመውን ሰው ጥፋተኛ አድርጋ ትሄዳለችና። «ለምን አልነገራችሁኝም?» የሚለው ወቀሳም ከእርሷ ብዙም አይሻልም።

ቡና ከተፈላ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሣት ጨዋነት አይደለም፤ በረካው እስኪደርስ መቆየት ካልተቻለ ምክንያቱን ተናግሮ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሊወጣ ሲል፣ ሌላው ሳያይ፣ «ለቡና» ብሎ በእጃቸው ያስጨብጥ።

የመመለሻ ቀኑ ደርሶ ያልተዳረሱ ቤቶች ከቀሩ፣ ለእያንዳንዳቸው ገና አዲስ አበባ ሳሉ መደወልና በምትክ ታላቅ እኅትን ወይም አክስትን መላክ ይቻላል። የተላከችው ሰው ግን በማን ስም እንደመጣች በግልጽ መናገር አለባት፤ አለዚያ የራሷ ለቅሶ ሆኖ ይቆጠራል።