ትልቅ ቲቪ ግድግዳ ላይ እንዴት ይሰቀላል? መጀመሪያ ግድግዳውን እወቁ

ጎንደር ውስጥ ተለስኖ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሁሉ ብሎኬት ይመስላል። ብዙው ግን ውስጡ ጭቃ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት አዘዞ፣ እህቴ ቤት ነው። ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው 55 ኢንች ቲቪ ገዝታ "እንግዳ ሳይመጣ ስቀልልኝ" አለችኝ። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ክሬም ቀለም የተቀባ፣ ሲነኩት ጠንካራ ነበር። አራት ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዝ ፕላስቲክ) መትቼ፣ ብራኬቱን (ቲቪውን የሚሸከመውን ብረት) አስሬ ሰቀልኩት። በከተራ ማታ ከጥምቀተ ባሕሩ የተመለሰው እንግዳ ቤቱን ሞልቶት ሳለ የላይኛው የግራ ፊሸር ከነጭቃው ተነቅሎ ወጣ። ቲቪው መጀመሪያ ዘመም አለ፣ ከዚያ ወደቀ። ከስሩ ተቀምጦ የነበረው የእህቴ ልጅ ውሃ ሊጠጣ ገና መነሳቱ ነበር። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ቲቪ ሌላ ይገዛል። ልጁ ባይነሳስ ኖሮ የሚለው ነው እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣው።

ስለዚህ ግድግዳው ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ግድግዳውን በማንኳኳት ብቻ አትመኑ። ልስኑ ወፍራም ከሆነ ድምፁ ያሳስታል። እኔ አሁን የማደርገው ቲቪው የሚሸፍነው ቦታ ላይ በቀጭን ፑንታ (የድሪል መብሻ)፣ 4 ሚሊ ይበቃል፣ አንድ ቀዳዳ በስቼ የሚወጣውን ዱቄት መዳፌ ላይ ተቀብዬ ማየት ነው። መጀመሪያ የልስኑ ግራጫ ዱቄት ይወጣል። እሱ ላይ አትቁሙ፣ ቀጥሉ። ግራጫው ካልተለወጠና ትንሽ እንደገባችሁ ፑንታው ባዶ ቦታ ላይ ዘልሎ ከገባ ብሎኬት ነው። ቡናማ አፈር ወጥቶ በመሃሉ የጭድ ስባሪ ካያችሁ ጭቃ ቤት ነው። ነጭ ዱቄት ብቻ ከሆነ ጂፕሰም ነው፤ እሱ ላይ ትልቅ ቲቪ አትስቀሉ።

ብሎኬት ከሆነ ድሪሉን በመዶሻ ምልክቱ አታሠሩት። ብሎኬት 40 በ20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ውስጡ ክፍት ነው። እየመታ ሲበሳው ከውስጥ በኩል ያለውን ስስ ግድግዳ ያረግፈዋል፣ ከውጭ ግን ቀዳዳው ደህና ይመስላል። በማዞር ብቻ ብሱ፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ጥሩ ይወጣል። አጭር ፊሸር ባዶው ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። ሱቅ ስትሄዱ "ይህቺ 6 ሚሊዋ ትበቃለች" ይሏችኋል። ለፎቶ ፍሬም ትበቃለች። ለቲቪ 10 ሚሊ፣ ረጅምና ለብሎኬት ተብሎ የተሠራ፣ ውስጥ ሲገባ የሚያብጥ ፊሸር ፈልጉ። ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን ግድግዳውን በስቶ በወዲያኛው በኩል የሚወጣ ብሎን ነው፤ ከጀርባ ላሜራና ዳዶ ይታሰርበታል። ጀርባው የራሳችሁ ክፍል ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ካልሆነ ግንበኛ ጠርታችሁ ብሎኖቹ የሚገቡበትን ብሎኬት አስከፍቱና ኮንክሪት አስሞሉት። ሳምንት ያህል ውሃ እያጠጣችሁ ሲደርቅ ብሱት። ሳምንቱ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አትቸኩሉ።

ጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸርን ጨርሶ እርሱት። ጭቃ ፊሸር አይዝም። የሚይዘው ውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባህር ዛፍ ነው። ችግሩ የት እንዳለ አይታይም። እኔ የማገኘው በዚያው በቀጭን ፑንታ ነው። በአንድ ከፍታ ላይ፣ ቲቪው በሚሸፍነው በኩል፣ በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ እየበሳችሁ ወደ ጎን ሂዱ። ፑንታው እጃችሁን ያዝ አድርጎ የእንጨት ፍቅፋቂ ሲያወጣ ቋሚው ተገኘ ማለት ነው። ዝቅ ብላችሁ በአርባ ሴንቲ ሜትር ሌላ ብሱ፤ እንጨቱ ቀጥ ያለ ላይሆን ይችላል፣ የእህቴ ቤት ቋሚ ከላይ እስከ ታች አራት ጣት ያህል ጎብጦ ነበር። ማገር እንዳያሳስታችሁ ይህም ይረዳል፤ ማገር አግድም ስለሆነ ዝቅ ብላችሁ ስትበሱ አታገኙትም። ፑንታው እንጨቱ ውስጥ ያለ ትግል ከገባና የሚወጣው ደቃቅ አፈር ከመሰለ ምስጥ በልቶታል። እዚያ ላይ አትስቀሉ፣ ቲቪውን ቡፌ ላይ አስቀምጡት።

የቋሚዎቹ ርቀት ከብራኬቱ ቀዳዳ ጋር በጭራሽ አይገጥምም። ስለዚህ ጣውላ ያስፈልጋል። ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ቋሚ የሚያቋርጥ ሁለት ጣውላ አስቆርጡ፤ አንዱ ለብራኬቱ የላይ ቀዳዳ፣ ሌላው ለታቹ። በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ ሁለት ሁለት ወፍራም ቪቴ (እንጨት ውስጥ እየዞረ የሚገባ ብሎን) ከሮንዴላ (ከራሱ ስር ከሚገባው ክብ ብረት) ጋር ይመታበታል። ርዝመቱን ሒሳብ ሠርታችሁ ግዙ፦ ጣውላው 4፣ ልስኑና ጭቃው ለምሳሌ 4፣ እንጨቱ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር። ድምሩ 13 ነው። የልስኑንና የጭቃውን ውፍረት በቀጭኑ ፑንታ ስትበሱ ለኩት፤ እኔ ሳልለካ 8 ሴንቲ ሜትር ገዝቼ ተመልሼ ወደ ሱቅ ሄጃለሁ። ቪቴውን ከመምታታችሁ በፊት እንጨቱን ቀድማችሁ ብሱት፣ ደረቅ ባህር ዛፍ ይሰነጠቃል።

ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተሠሩ ቤቶች አሉ። የምትኖሩበት አሮጌ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ ድንጋዩን እንጂ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ማያያዣ አትብሱ፣ እሱ ይፈረፈራል። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራዩን ሳታስፈቅዱ ድሪል አታንሱ።

አሁን ወደ ብራኬቱ። ሦስት ዓይነት አለ፦ ከግድግዳው ጋር የሚለጠፍ፣ ወደ ታች ዘንበል የሚል፣ ክንድ ኖሮት የሚሳብና የሚዞር። ክንድ ያለው ያምራል፣ ግን ለጎንደር ቤት አልመክርም። ሒሳቡን ተመልከቱ፦ 20 ኪሎ ቲቪ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ሲሳብ፣ የብራኬቱ የላይና የታች ብሎን በ20 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ፣ የላይኞቹ ብሎኖች ወደ ውጭ የሚሳቡት በ50 ኪሎ ነው። ልጅ ቲቪውን ሲያዞረው ደግሞ ይጨምራል። የሚለጠፈውን ወይም የሚዘነበለውን ውሰዱ።

ከመግዛታችሁ በፊት የቲቪውን ጀርባ ገልብጣችሁ የአራቱን ቀዳዳ ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ። 200 በ200፣ 400 በ400 እያለ ይሄዳል፤ ቬሳ የሚባለው ይህ ነው። ብራኬቱ ካርቶን ላይ ያው ቁጥር መኖር አለበት። የሚሸከመው ኪሎም ተጽፏል፣ ከቲቪው ክብደት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ኢንቹን ብቻ ነግራችሁ አትግዙ። የቲቪው ብሎን ብዙ ጊዜ 6 ወይም 8 ሚሊ ነው። ርዝመቱን በእጅ እያስገባችሁ ሞክሩ፤ ቆም ካለባችሁ በኃይል አታስገድዱት፣ ረጅም ብሎን ስክሪኑን ከኋላ ይሰብረዋል።

ከፍታው ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል፤ ፎቶ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ይሰቅሉታል፣ አንገት ያማል። የስክሪኑ መሃል ተቀምጣችሁ ከዓይናችሁ ትይዩ ይሁን። ሶፋ ላይ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። መጅሊስ ላይ ከሆነ የምትቀመጡት ዝቅ ስለሚል ቁጭ ብላችሁ ሜትር ያዙ። የስክሪኑ መሃልና የብራኬቱ መሃል አንድ ቦታ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ልዩነቱን ለክታችሁ አስሉት። ቡና የምታፈሉበት ጥግ አጠገብ አትስቀሉት፣ የከሰሉ ሙቀትና ጭስ አይበጀውም።

ከመብሳታችሁ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ፣ ድሪሉን ከሌላ መስመር አሠሩት። ሽቦ ብዙ ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያ መስመር ላይ አትብሱ። ብራኬቱን ውሃ ልክ አድርጋችሁ ምልክት አድርጉ፣ ብሱ፣ እሰሩ። ከዚያ ቲቪውን ከመስቀላችሁ በፊት እናንተው ብራኬቱን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተንጠልጠሉበት። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ቲቪው አይሰቀልም።

የኤችዲኤምአይና የዲሽ ገመዱን መጀመሪያ ሰክታችሁ ለሁለት ሆናችሁ አንሱ። የላይኛው መንጠቆ ሲገባ ከታች ያሉትን መቆለፊያ ቪቴዎች አጥብቁ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፣ ልጅ ከስር ገፋ ቢያደርገው ከመንጠቆው ይወጣል።

የእህቴ አዲሱ ቲቪ አሁን ሁለት ጣውላ ላይ ነው። ጣውላዎቹን እንደ ግድግዳው ክሬም ቀብተናቸዋል። ክረምት አልፎ መስከረም ሲገባ ጭቃው ስለሚደርቅ ቪቴዎቹን አንድ ጊዜ አጠብቃቸዋለሁ፤ ባለፈው መስከረም ሁለቱ ግማሽ ዙር ገብተው ነበር።