«ኢንፎርሜሽንስ» እና ሌሎች የሚያናድዱኝ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ብርዱን ለመድኩት። «ኢንፎርሜሽንስ» የሚለውን ቃል ግን ልለምደው አልቻልኩም።

ፈተና ሳርም አገኘዋለሁ። ማስታወቂያ ላይ አለ። የሥራ ማመልከቻ ላይም አለ። ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በአማርኛ «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «የቤት ሥራዎች» እንላለን። ተማሪው አማርኛውን ይዞ ይሄድና ጫፉ ላይ ኤስ ይለጥፍበታል። እንግሊዝኛ ግን ኢንፎርሜሽንን፣ አድቫይስን፣ ሆምወርክን፣ ፈርኒቸርን አይቆጥርም። ከኋላ ኤስ የለም፣ ከፊት «ኤ» ወይም «ኤን» የለም። የለም ስል የለም!

«ቲቸር፣ ታዲያ ሁለት ምክር እንዴት ይባላል?» ይሉኛል። ገበያ ውስጥ «ሁለት ገብስ ስጪኝ» ትላላችሁ? አትሉም። ሁለት ጣሳ፣ ሁለት ኩንታል ነው የምትሉት። የሚቆጠረው መስፈሪያው ነው። አድቫይስም እንደ ገብስ ነው፤ መስፈሪያው «ፒስ» ይባላል። «ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ»። ኤሷ የገባችው መስፈሪያው ላይ ነው፣ ልብ በሉ። እኛ «ሁለት ዳቦ» ብለን የምንገዛውንም እነሱ «ቱ ሎቭስ ኦፍ ብሬድ» ይሉታል።

ሌላው ስህተት ዕቃውን አይቶ መፍረድ ነው። ገብስና ስንዴ በእንግሊዝኛ አይቆጠሩም፤ ባቄላና ምስር ይቆጠራሉ። የምስር ፍሬ ከገብስ ፍሬ በልጦ ነው? ገንዘብማ ቀኑን ሙሉ ሲቆጠር እየዋለ «መኒ» አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ብሩ ነው። ስለዚህ ቃሉን ስትይዙ ጠባዩንም አብራችሁ ያዙ። ጥሩ የተማሪ መዝገበ ቃላት «ሲ» ብሎ የሚቆጠረውን፣ «ዩ» ብሎ የማይቆጠረውን ያመለክታል። ማን ያየዋል እንጂ።

አተር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ «ፒዝ» ለአንዷ ፍሬም ለእህሉም የሚያገለግል ነጠላ ቃል ነበር። እንግሊዞቹ ራሳቸው መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ የብዙ ቁጥር ኤስ መሰላቸውና በፈረንጆቹ 1600ዎቹ ገደማ «ፒ» የሚል ነጠላ አወጡለት። ተማሪ ሲሳሳት ይህን አስብና ቁጣዬን ዋጥ አደርጋለሁ። ሁልጊዜ ባይሆንም።

«ኒውስ» (ዜና) ኤስ ስላለው አትሸወዱ፤ እንደ ነጠላ «ኒውስ ኢዝ» ነው እንጂ «ኒውስ አር» አይባልም።

«ሄር» የራስ ፀጉር ሲሆን አይቆጠርም። ሹሮ ውስጥ አንድ ከተገኘ ግን «ኤ ሄር» ነው፤ ያኔ መቆጠሩ ግድ ነው።

በተቃራኒው የሚቆጠረውን ሳይቆጥሩ የሚያልፉም አሉ። አማርኛ ቁጥር ካለው «ሦስት መጽሐፍ» ይበቃዋል፤ ከዚያ «ስሪ ቡክ» ይመጣል። ስለ መንዝ በግ ሲጽፍ «ስሪ ሺፕ» ያለው ልጅ ግን አግኝቷል፤ ሺፕ ለአንድም ለመንጋም ያው ነው። ሳያውቀው ስላገኘ ግማሽ ማርክ ልቀንስበት አሰብኩና ተውኩት።

እኔስ? በጀማሪነቴ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የክፍሎቹን ንብረት ዝርዝር እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ከላይ በትልቁ «ፈርኒቸርስ» ብዬ ጻፍኩ። ተባዝቶ በየክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ። ወራት ሙሉ እያየሁት ገባሁ፣ ወጣሁ። በመጨረሻ የነገረችኝ ይህንኑ ትምህርት ያስተማርኳት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «ቲቸር፣ ይቺ ኤስ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።