በኦቶካድ ከጠቋሚው አጠገብ የሚጻፉ ትዕዛዞችን ለሥራዎ እንዲስማሙ ማስተካከል

ኦቶካድ በተባለው የኮምፒውተር ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም ኮማንድ (ትዕዛዝ) ሲሰጡ የማውሱን ጠቋሚ እየተከተሉ የሚንቀሳቀሱት ትንንሽ ሣጥኖች ዳይናሚክ ኢንፑት ይባላሉ። በኦቶካድ 2006 የገቡ ሲሆን፣ የተሠሩትም ንድፍ የሚያወጣው ሰው ቁጥር በጻፈ ቁጥር ዓይኑን ከሥዕሉ አንሥቶ ወደ ስክሪኑ ግርጌ፣ ትዕዛዝ ወደሚጻፍበት ኮማንድ ላይን፣ እንዳይመለከት ነው። ይሁንና ብዙ ሰዎች ገና ሲጀምሩ ያጠፏቸውና ዳግም አይመለሱባቸውም። እኔ ይህን ትልቅ ኪሳራ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው መሣሪያው ራሱ ሳይሆን በውስጡ ያለ አንድ ነባሪ (ተጠቃሚው ካልለወጠው በራሱ የሚሠራ) ምርጫ ነው።

ችግሩን በቁጥር እንየው። የመስመር መሳያውን ኮማንድ ከፍተው የመጀመሪያውን ነጥብ 1000,2000፣ ሁለተኛውን ደግሞ 1050,2000 ብለው ሲጽፉ የሚጠብቁት 50 አሃድ ርዝመት ያለው አግድም መስመር ነው። ዳይናሚክ ኢንፑት በነባሪ አሠራሩ በርቶ ከሆነ ግን መስመሩ ሽቅብ ወደ ቀኝ ተወንጭፎ 2050,4000 ላይ ያርፋል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ከመጀመሪያው ነጥብ በኋላ የሚጻፈውን ቁጥር ሁሉ ካለፈው ነጥብ ተነሥቶ እንደሚለካ ርቀት ስለሚወስደው ሁለቱን ደምሯቸዋል። ዳይናሚክ ኢንፑት ሲጠፋ ያው ጽሑፍ ከዜሮ መነሻው እንደሚለካ ኮኦርዲኔት ይነበባል። ስለዚህ በአንዱ ኮምፒውተር በትክክል የተሳለው በሌላው ሲበላሽ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው።

ማስተካከያውን ለማግኘት በስክሪኑ ግርጌ ባለው ስታተስ ባር ላይ ያለውን የዳይናሚክ ኢንፑት ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው የሴቲንግ ምርጫውን ይክፈቱ። ምልክቱ ከሌለ በስታተስ ባሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ያሉትን ሦስት አግድም መስመሮች ተጭነው ከዝርዝሩ ውስጥ ይምረጡት። ዲ እና ኤስ የተባሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ጽፎ ኢንተር መጫንም ወደዚያው መስኮት ይወስዳል፤ ከገቡ በኋላ «ዳይናሚክ ኢንፑት» የሚለውን ገጽ ይምረጡ። ገጹ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ፖይንተር ኢንፑት (የነጥብ ኮኦርዲኔት የሚጻፍበት)፣ ዳይሜንሽን ኢንፑት እና ዳይናሚክ ፕሮምፕት ናቸው።

ከላይ የታየው ግራ መጋባት የሚፈታው በፖይንተር ኢንፑት ሴቲንግ ውስጥ ነው። እዚያ ሁለተኛውና ተከታዮቹ ነጥቦች በርቀትና በአንግል ወይም በኤክስና በዋይ እንዲጻፉ፣ እንዲሁም ካለፈው ነጥብ ወይም ከዜሮ መነሻው እንዲለኩ መምረጥ ይቻላል። ሥራዎ በአብዛኛው የቅየሳ ነጥቦችን ከሰንጠረዥ እያነበቡ ማስገባት ከሆነ ከመነሻው የሚለካውን ይምረጡ። የሕንፃ ፕላን ወይም የማሽን ክፍል የሚሥሉ ከሆነ ግን ነባሪውን እንዲተዉት እመክራለሁ፤ 6000 በ4000 የሆነ አራት ማዕዘን ለመሥራት አንዱን ጥግ ተጭኖ 6000,4000 ብሎ መጻፍ ይበቃልና። የትኛውንም ቢመርጡ ለአንድ ነጥብ ብቻ መለወጥ ይችላሉ፤ ከቁጥሩ በፊት # ከጻፉ ከመነሻው፣ @ ከጻፉ ካለፈው ነጥብ ይለካል። በመጀመሪያው ምሳሌ ሁለተኛውን ነጥብ #1050,2000 ብንለው ኖሮ መስመሩ ባሰብነው ቦታ ያርፍ ነበር።

ዳይሜንሽን ኢንፑት ርዝመትንና አንግልን በየራሳቸው ሣጥን ያሳያል፤ ሁለቱም ክፍሎች ሲበሩ፣ እርሱ መሥራት በሚችልበት ቦታ ሁሉ የፖይንተር ኢንፑትን ሣጥን ይተካል። ርዝመቱን ጽፈው ታብ ሲጫኑ ቁጥሩ ይቆለፍና ወደ አንግሉ ያልፋሉ። ታብ ሳይጫኑ ኢንተር ከተጫኑ ግን የአንግሉ ሣጥን ይታለፍና መስመሩ ጠቋሚው ወዳለበት አቅጣጫ በዚያ ርዝመት ይሳላል። አንግሉ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሣጥኑ የሚያሳየው ከ0 እስከ 180 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ 270 ዲግሪ የሆነው 90 ተብሎ ይታያል፣ የሚጻፈው አንግልም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚቆጠረው ጠቋሚው ባለበት በኩል ነው። ስለዚህ 30 ብለው ከመጻፍዎ በፊት ጠቋሚውን መስመሩ ወደሚሄድበት ጎን ያድርጉ።

ይህ ክፍል ይበልጥ የሚጠቅመው የተሳለን ነገር በግሪፕ (ሲመረጥ በላዩ በሚታዩት ትንንሽ መያዣ ነጥቦች) ሲጎትቱ ነው። 4000 ርዝመት ያለውን መስመር ወደ 4250 ለማስረዘም ጫፉን ይዘው ጠቅላላውን 4250 መጻፍ፣ ወይም በታብ ወደ ለውጡ ሣጥን አልፈው 250 ብቻ መጻፍ ይችላሉ። በሴቲንጉ ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ሣጥን፣ ሁለት ሣጥን ወይም የመረጧቸው ሁሉ እንዲታዩ ማድረግ ይቻላል። ነባሪው ሁለት ነው፤ ሁሉም ሲታዩ ግን ሥዕሉን ይሸፍኑታል።

ዳይናሚክ ፕሮምፕት ኮማንዱ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከጠቋሚው አጠገብ ያሳያል። የታች ቀስቱን ሲጫኑ የኮማንዱ አማራጮች ይዘረዘራሉ፤ የላይ ቀስቱ ደግሞ ከዚህ በፊት የጻፏቸውን ያመጣል። ቢሆንም ኮማንድ ላይኑን እንዳይዘጉት እመክራለሁ፤ ፕሮምፕቱ እርሱን እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ አልተሠራም። ከሌላ ቦታ የቀዱትን ቁጥር በፕሮምፕቱ ውስጥ ለመለጠፍ ሲፈልጉ መጀመሪያ አንድ ፊደል ጽፈው ያጥፉት፤ አለበለዚያ የቀዱት ነገር ጽሑፍ ሆኖ ሥዕሉ ላይ ይለጠፋል።

የሣጥኖቹ ቀለም፣ መጠንና የሚያሳልፉት ብርሃን በዚሁ ገጽ ግርጌ ባለው አዝራር ይስተካከላል። ለውጡ ለዳይናሚክ ኢንፑት ብቻ ወይም ለሥዕል መርጃ ሣጥኖች በሙሉ እንዲሆን እዚያው ይጠየቃሉ።

ሣጥኖቹ ለጊዜው ብቻ ከከለከሉዎት ኤፍ 12ን ተጭነው ይያዙት፤ ጣትዎን ሲያነሡ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ተጭነው ከለቀቁት ግን እንደገና እስኪጫኑት ድረስ ጠፍተው ይቆያሉ። ዳይንሞድ የተባለው ተለዋዋጭ ይህንኑ በቁጥር ይይዘዋል፤ 0 ሁሉም መጥፋታቸውን፣ 1 ፖይንተር ኢንፑት ብቻ፣ 2 ዳይሜንሽን ኢንፑት ብቻ፣ 3 ሁለቱም መብራታቸውን ያመለክታል። ከቁጥሩ በፊት የመቀነስ ምልክት ካዩ ምርጫዎ አልጠፋም፤ በኤፍ 12 ለጊዜው ታግዶ ነው። ምርጫዎቹ የሚቀመጡት በሥዕሉ ፋይል ውስጥ ሳይሆን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወሩ የመጀመሪያውን ኮኦርዲኔት ከመጻፍዎ በፊት የፖይንተር ኢንፑቱን ሴቲንግ ከፍተው ይመልከቱ።