ከኤም10 ወደ ኤም11 ከመቀየራችሁ በፊት

ላይካ ኤም10 ካሜራ ይዛችሁ ዓይናችሁ ኤም11 ላይ ካረፈ፣ መጀመሪያ የድሮ ፎቶዎቻችሁን እዩ። ችግራችሁ ፎከስ መሳት ከሆነ አዲሱ አያድናችሁም። የሁለቱም ማያ መስኮት ማጉላት ያው 0.73 ነው፤ በመስኮቱ ተደርበው የሚታዩትን ሁለት ምስሎች አገጣጥሞ ፎከስ የሚያደርገው የእናንተው ዓይንና ጣት ነው። ምናልባት ሬንጅፋይንደሩ፣ ማለትም ሁለቱን ምስሎች የሚያሳየው የፎከስ መለኪያ፣ ትንሽ ተዛብቶ ይሆናል። እሱን ማስተካከል አዲስ ካሜራ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

በትልቁ የምታሳትሙ ወይም ፎቶ ቆርጣችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ከ24 ወደ 60 ሜጋፒክስል መሄድ በደንብ ይታያል። ጥቁሩ ኤም11 ከ660 ወደ 530 ግራም መውረዱንም አንገት ያውቀዋል። ብቻ 60 ሜጋፒክስል ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥንም አጉልቶ ያሳያል፤ የሻተር ፍጥነቱን ከፍ አድርጉ።

እኔ ብሆን? ሌንስ እገዛ ነበር። ከ1954 ጀምሮ የወጡት የኤም ሌንሶች አብዛኞቹ ሁለቱም ላይ ይገጥማሉ።