በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሳላችሁ ምርምር ውስጥ እንዴት ትገባላችሁ?

ብዙ የሳይንስ ተማሪ ከምርምር ጋር የሚተዋወቀው በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ረፍዷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ የመጨረሻው መንፈቀ ዓመት ለቤተ ሙከራ የሚተርፍ ጊዜ የለውም። ፍለጋውን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ጀምሩ።

መጀመሪያ የምትፈልጉት የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችን ነው። አማካሪው ያስተምራል፣ ስብሰባ ይገባል፣ ፈተና ያርማል። መቶ የአፈር ናሙና የሚያደርቀው፣ የሚፈጨውና በወንፊት የሚነፋው የድኅረ ምረቃ ተማሪው ነው፤ ሰው የሚያጥረውም እሱን ነው። የማስተርስ ተማሪ ፕሮፖዛሉን አስጸድቆ ወደ ሥራ የሚገባው በአብዛኛው በሁለተኛ ዓመቱ መጀመሪያ ስለሆነ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሄደ ተማሪ ቦታ ያገኛል። ሚያዝያ ላይ የሄደ የሚያገኘው ጽሑፍ ለመጨረስ የሚጣደፍ ሰው ነው።

ማን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የዲፌንስ (ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት) ማስታወቂያ ሲለጠፍ ገብታችሁ አዳምጡ። ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፎችን ክፈቱ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥራዎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባሉ። ተማሪዎች የሚዘሉትን «ምስጋና» የሚለውን ገጽ በተለይ አንብቡ። ገንዘቡን ማን እንደ ሰጠ፣ ናሙናው የት እንደ ተለካ፣ የትኛው ቴክኒሻን እንደ ረዳ የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ ክፍል የብረታ ብረት መጠን የሚለካበት አቶሚክ አብዞርፕሽን ማሽን ስላለው ብቻ ይለካበታል ማለት አይደለም፤ ላምፑ ተቃጥሎ ወይም አሲቲሊን ጋዙ አልቆ የቆመ ሊሆን ይችላል። በቅርብ ዓመት የተጻፈ ምስጋና ማሽኑ የት እንደሚሠራ ይነግራችኋል።

ከዩኒቨርሲቲያችሁ ውጭም እንደ ሙያችሁ የሚቀርባችሁን ተቋም ለዩ። ለባዮሎጂና ለጤና ሳይንስ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እና በአክሊሉ ለማ ስም የተሰየመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አሉ። ዕፅዋት የሚወድ አራት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኅደር) ይጠይቅ። በግብርና ምርምር ማዕከላት ጤፍ ደብረ ዘይት፣ ስንዴ ኩሉምሳ፣ ቡና ጅማ፣ አትክልትና ፍራፍሬ መልካሳ ነው። የፊዚክስ ተማሪ ደግሞ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለው።

ክረምት ለግብርናና ለዕፅዋት ተማሪ ትልቁ ዕድል ነው፤ ጤፍና ስንዴ የሚዘሩት እናንተ ዕረፍት በምትወጡበት ሰሞን ነው። ችግሩ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መዋሉ ነው፤ ያኔ ክፍል ውስጥ ናችሁ። «እስከ መጨረሻው አለሁ» ብላችሁ መስከረም ላይ ከመጥፋት፣ የበቀለውን መቁጠርና ቁመት መለካት የመሰለውን በዕረፍታችሁ የሚያልቅ ሥራ ከመጀመሪያው ተነጋግራችሁ ያዙ። ለዚህ የትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ግንቦት ላይ መውጣት አለበት፤ ሰኔ መጨረሻ ፈራሚው ላይገኝ ይችላል። ደብዳቤው ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይኑረው፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩም በግልጽ ይጻፍበት። ለኬሚካል የምትከፍሉት ነገር እንዳለም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለመምህር ስትጽፉ ከ150 ቃል አትለፉ። ለምሳሌ፦

«ዶ/ር … ፣ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ስላለው ፍሎራይድ ያሳተሙትን አንብቤአለሁ። ናሙናዎቹ በበጋ ብቻ መወሰዳቸውን አይቼ በክረምት መጠኑ ይለወጥ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፤ እስከ ጥር መጨረሻ ናሙና በማዘጋጀትና ውጤት በመመዝገብ ማገዝ እችላለሁ። ትራንስክሪፕቴን አያይዣለሁ፤ ቢፈቅዱልኝ ቢሮዎ መጥቼ ላነጋግርዎት።»

ይህ ደብዳቤ የሚሠራው ቀንና ሰዓት ስላለው ነው። «ማንኛውንም ርዕስ እሠራለሁ» የሚለው መልስ አያገኝም፤ ሥራ የመፈለጉን ሸክም መምህሩ ላይ ይጥላል። ለሃያ ሰው በአንዴ የተላከም ወዲያው ይታወቃል። ሌላም የሚያስተዛዝብ ስሕተት አለ፤ ጆርናሎች የአባትን ስም ስለሚያስቀድሙ ተማሪው መምህሩን በአባታቸው ስም «ዶ/ር እገሌ» ይላቸዋል። የአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። በአሥር ቀን መልስ ካልመጣ በቢሮ ሰዓታቸው በአካል ሂዱ፤ ኢሜይል ያልመለሱ ብዙ መምህራን በር ላይ ቆሞ ያገኙትን ተማሪ ያስተናግዳሉ።

ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር ልመዱ። አንደኛው ኤክሴልና አር (R) የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው፤ አር ነፃ ነው፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ሁለተኛው ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ መቅጃው ፒፔት ነው። 1,000 ማይክሮሊትር የተጣራ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.998 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አሥር ጊዜ ቀድታችሁ መዝኑ። ቁጥሮቹ ከተበታተኑ እጃችሁ ገና ነው፤ እርስ በርሳቸው ተቀራርበው ሁሉም ዝቅ ካሉ ግን ፒፔቱን ተጠራጠሩ። ምልክት በተራ ማርከር አትጻፉ፤ ኢታኖል ሲነካው ይጠፋል፣ የሳምንት ሥራም አብሮ ይሄዳል። በወረቀት ቴፕ ላይ በእርሳስ ይጻፍ።

ሥራው የሰው ደም ወይም መጠይቅ ካለበት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ፤ ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ መረጃ አይታተምም። ጽሑፍ ላይ ስማችሁ ይግባ ወይስ ምስጋና ላይ ይቅር የሚለውንም መጀመሪያ ላይ በግልጽ ጠይቁ። በኋላ ሲነሳ ቅሬታ ይሆናል። በጥቂት ቀን «ተቀብለናል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ላይ ሥራችሁን አትስጡ።

ወደ ውጭ ለምታመለክቱ፣ ስዊዘርላንድ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን አባል ካልሆኑ አገሮችም የክረምት ተማሪ ይቀበላል፤ ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ጥር ላይ ይዘጋል። የጃፓኑ ኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የሳዑዲው ካውስት ዩኒቨርሲቲ የምርምር ልምምድ ፕሮግራሞች ለሁሉም ዜጋ ክፍት ናቸው። የጀርመኑ ዳአድ ራይዝ የተባለው የምርምር ልምምድ ፕሮግራም ግን የሰሜን አሜሪካ፣ የብሪታንያና የአየርላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ብቻ ስለሚመለከት ከዚህ ሆናችሁ ጊዜ አታባክኑበት። አሜሪካ የምትማሩና ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያላችሁ አርኢዩ (REU) የሚባለውን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ፕሮግራም ፈልጉ፤ አበል ይከፈልበታል።

ሪኮመንዴሽን የሚጽፍላችሁን መምህር ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠይቁ፤ ከጥያቄው ጋር በስንት ናሙና ላይ፣ በየትኛው ዘዴ፣ ለስንት ወር እንደ ሠራችሁ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ።